የጃፓን ጥናት በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ጃፓንን ማጥናት ከዩኒቨርሲቲ መከፈት ይቀድማል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን የመሳሰሉ ምሁራን ጃፓን ባህሏን ሳትጥል የሠለጠነችበትን መንገድ ለአገራቸው አርአያ አደረጉት። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ያረቀቁት የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በ1881 ዓ.ም. የታወጀውን የጃፓን የሜይጂ ዘመን ሕገ መንግሥት ተከትሏል። ከሁሉ የሚልቀው ግን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ሥራ ነው፤ በ1924 ዓ.ም. ልዑካን መርተው ጃፓንን ጎበኙ፣ ያዩትንም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው ለአማርኛ አንባቢ አቀረቡ። ምሁራኑ የሁለቱን አገሮች ዘውዶች መመሳሰል አጉልተው ሲያዩ፣ ጃፓን ከሜይጂ ዘመን በፊትም የዳበረ ንግድና የተስፋፋ ትምህርት እንደነበራት በበቂ አልመረመሩም።

ዛሬ ደግሞ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች በጃፓን መንግሥት ስኮላርሺፕ ወደ ጃፓን ይሄዳሉ።