ስለ ፖም ዛፍና ስለ ደጋው ውርጭ

በመኃልየ መኃልይ ከዱር ዛፎች ተለይቶ የሚመሰገነው ፍሬ በግዕዙ ኮል ይባላል፤ ወደ አማርኛ የመለሱት ሊቃውንት ግን ሕዝቡ በሚያውቀው በእንኮይ ተረጐሙት። እንኮይ የአገር ዱር ፍሬ ነው እንጂ ዛሬ ፖም የሚባለው አይደለም። እንግዲህ የደጋው ሰው ስሙን በመጽሐፍ እየሰማ ዛፉን በጓሮው ሳያይ ብዙ ዘመን ኖረ።

ከውጭ የመጡት ሌሎች አትክልቶች ቀደሙት። ድንች በ1850 ዓ.ም. ገደማ በጀርመናዊው ዕፅ መርማሪ በሺምፐር እጅ ገባ፤ ባሕር ዛፍም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገብቶ የሸዋን ደጋ አለበሰ። ፖም ግን በ1940ዎቹ ዓ.ም. ሚስዮናውያን በጋሞ ደጋ በጨንቻ ተከሉት፤ ለብዙ ዓመታትም የታወቀው በዚያው ነበረ። በሰሜን ሸዋ በባሶና ወራና ገበሬዎች ጓሮ ችግኙ የታደለው ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት ነው።

የዚህ ዛፍ ጠባይ እንግዳ ነው። ቅጠሉን አራግፎ በብርድ ካላንቀላፋ ደኅና አድርጎ አያብብም። የብርዱም ልክ በሰዓት ይቈጠራል፤ በእስራኤል የተገኘው አና የተባለው ዝርያ 300 ሰዓት ያህል ሲበቃው፣ ከአውሮጳ ዝርያዎች ብዙዎቹ እስከ 1000 ይሻሉ። ብርድስ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላለው ለደብረ ብርሃን፣ ለአንኮበርም ደጋ አልጐደለባቸውም። ነገር ግን እንቡጡን የሚቀሰቅሰው ብርድ ውርጭ ሲሆን አበባውንና ፍሬውን ያቃጥላል።

ስለዚህ ዘግይቶ የሚበስለውን የሚተክል ሰው ወራትን መቍጠር ይገባዋል። በ1860 ዓ.ም. ገደማ በአውስትራልያ የታወቀው ግራኒ ስሚዝ ከአበባው እስከ ፍሬው ስድስት ወር ያህል ይፈጃል። በመጋቢት ያበበ እንደ ሆነ በመስከረም ይለቀማል፤ በግንቦት ያበበ ግን ኅዳር ላይ ይደርስና ከውርጩ ጋራ ይገናኛል። ነገር ግን ትርፉ አይናቅም፤ ቶሎ የሚበስለው ቶሎ ሲበላሽ የዘገየው በቀዝቃዛ ጎተራ ብዙ ሳምንት ይቈያል።

ከዘር የበቀለ ፖም እናቱን አይመስልም፤ ብቻውን የቆመም ዛፍ በቂ ፍሬ አይዝም። ስለዚህ ችግኝ ገዢ ከዋጋው አስቀድሞ ዝርያውንና የሚበስልበትን ወር ይጠይቅ፤ የተዳቀለውንም መርጦ በአንድ ጊዜ የሚያብብ ሌላ ዝርያ ያጎራብተው። ባሕር ዛፍ ጌታው ቢተኛም ያድጋል፤ ፖም ግን ለሚጠብቀው ብቻ ያፈራል።