የሙቀት ወሰንና የአምራች ቍልፍ፤ የላፕቶፕ ኀይል አገዳደብ አጭር ታሪክ

መግቢያ

መተማ ሲባል ለታሪክ ተማሪ ቶሎ የሚታሰበው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የቈሰሉበት ጦርነት ነው። ይህ ጽሑፍ ግን የሚመለከተው የአገሩን ሌላ ጠባይ፥ ይኸውም ሙቀቱን ነው። ዓላማውም ዛሬ ተማሪው፥ መምህሩ፥ የጤና ባለሙያውና ነጋዴው ሁሉ በሚሠራበት በላፕቶፕ ላይ ይህ ሙቀት የሚያደርሰውን ለውጥ፥ ለውጡም ከየት እንደ መጣ በታሪክ መንገድ መመርመር ነው።

ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞ በኩል ወደ ሱዳን ድንበር የሚወርድ መንገደኛ ገንዳ ውኃን አልፎ ኮኪት ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ መተማ ዮሐንስ ይቀጥላል። የጎንደር ከፍታ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ሲሆን፥ የመተማ ቈላ ከ1,000 ሜትር በታች ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ የቀትሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለፉ የተለመደ ነው። በጎንደር ያለ ችግር ሲሠራ የነበረ ላፕቶፕ በኮኪት ቀትር ላይ ማራገቢያው ይጮኻል፤ ታቹ እጅ ያቃጥላል፤ አንድ ፋይል ለመክፈትም ብዙ ያስጠብቃል። ሰውም «አርጅቷል» ወይም «ቫይረስ ገብቶበታል» ይላል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ራሱ ባለፈው የፋሲካ ዕረፍት በኮኪት ሳለ ይኸው ነገር ደርሶበት፥ ላፕቶፑን ፎርማት ለማስደረግ ገንዘብ ከፍሏል። መሣሪያው ግን በማግሥቱ ቀትር እንደ ፊተኛው ሆነ፤ ሌሊት ሲሆን ደግሞ ማንም ሳይነካው ተሻለው። ነገሩ ከቫይረስ ሳይሆን ከሙቀት መሆኑን ያስተዋልነው ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ ጥያቄያችን ሦስት ነው። ላፕቶፑን የሚያዘገየው ምንድን ነው? ይህስ ሥልጣን ወደ መሣሪያው ውስጥ እንዴት ገባ? ቍልፉስ በማን እጅ ይገኛል? ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

1. ከእንፋሎት የተገኘ ትምህርት

መሣሪያን መገደብ ከኮምፒዩተር ጋር የተጀመረ ነገር አይደለም። ዴኒ ፓፓን የተባለው ፈረንሳዊ በ1679 በታፈነ እንፋሎት የሚያበስል ድስት በሠራ ጊዜ፥ እንፋሎቱ ከልኩ ሲያልፍ በራሱ የሚከፈት መተንፈሻ አበጀለት። ጄምስ ዋትም በ1788 በእንፋሎት ሞተሩ ላይ ፍጥነት የሚቈጣጠሩ ሁለት ተሽከርካሪ ኳሶች አደረገ። ሞተሩ ሲፈጥን ኳሶቹ ወደ ውጭ ይርቃሉ፥ የእንፋሎቱም መግቢያ ይጠባል፤ ሞተሩ ሲዘገይ ኳሶቹ ይወርዳሉ፥ መግቢያውም ይሰፋል።

ነገር ግን ወሰን ባለበት ወሰኑን የሚጥስ አይጠፋም። በ1831 በአሜሪካ በሳውዝ ካሮላይና «ቤስት ፍሬንድ ኦፍ ቻርልስተን» የተባለው የባቡር ሞተር ቦይለሩ ፈነዳ። ምክንያቱም እሳት አንዳጁ የመተንፈሻውን ጩኸት ጠልቶ አፍኖ ስለ ያዘው ነው ተብሎ ተጽፏል። እንደዚህ ካለው አደጋ የተነሣ ሠሪዎች መተንፈሻውን ከሠራተኛው እጅ ማራቅ ጀመሩ፤ እንግሊዛዊው ጆን ራምስቦተምም በ1855 ነጂው ሊነካካው የማይችል መተንፈሻ አወጣ። እንግዲህ ቍልፍ የመጣው በከንቱ አይደለም፤ የሰው ሕይወት ጠፍቶበት ነው። ይህን ለኋላው ጉዳያችን በልብ መያዝ ይገባል።

2. ሙቀት በፕሮሰሰር ታሪክ

ፕሮሰሰር የኮምፒዩተር አእምሮ ነው ቢባል ያስኬዳል። በውስጡ ያሉት ትራንዚስተሮች ሲበሩና ሲጠፉ የሚፈጁት ኤሌክትሪክ በመጨረሻ ወደ ሙቀት ይለወጣል። በ1974 የአይ.ቢ.ኤም. ባልደረባ የነበረው ሮበርት ዴናርድ ከጓደኞቹ ጋር ባወጣው ጥናት፥ ትራንዚስተሩ እያነሰ ሲሄድ ቮልቴጁም አብሮ ከተቀነሰ በአንድ ስፋት ላይ የሚወጣው ሙቀት እንደማይጨምር አሳየ። ኢንዱስትሪውም ሠላሳ ዓመት ያህል በዚህ ሕግ ሲጠቀም ኖረ። ትራንዚስተሩ እጅግ ካነሰ በኋላ ግን ጠፍቶ ሳለ እንኳ ኤሌክትሪክ ማሾለክ ስለ ጀመረ፥ ቮልቴጁን እንደ ቀድሞው ማውረድ አስቸገረ፤ ሕጉም በ2000ዎቹ ዓመታት አጋማሽ መሥራቱን አቆመ። ኢንቴል በ2004 «ቴጃስ» በሚል ስም ያዘጋጀው የነበረውን ፕሮሰሰር ሰርዞ፥ ፍጥነትን ብቻ ከማሳደድ ይልቅ በአንድ ፕሮሰሰር ሁለት ኮር ወደ ማድረግ የዞረው ከዚህ የተነሣ ነው።

ከዚህ ጥቂት ቀደም ብሎ ፕሮሰሰር ራሱን መጠበቅ ጀምሮ ነበር። በ2000 የወጣው ፔንቲየም 4 ሙቀቱን ራሱ እየለካ፥ ከልኩ ሲያልፍ ሥራውን በየመካከሉ እያቋረጠ የሚበርድበት ዘዴ ነበረው። በ2001 «ቶምስ ሃርድዌር» ባሳየው ፈተና፥ ኮምፒዩተሮቹ በሥራ ላይ ሳሉ የሙቀት ማስወጫው ብረት ከላያቸው ተነሣ። ፔንቲየም 4 ዘገየ እንጂ አልተበላሸም፤ የኤ.ኤም.ዲ. አትሎን ግን ተቃጠለ። እንግዲህ መሣሪያው ራሱን መግታቱ በሽታ ሳይሆን መድኀኒት መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

3. የተጻፈው ቍጥር

ኢንቴል በ2008 «ተርቦ ቡስት» የተባለውን ዘዴ አወጣ፤ ይኸውም ፕሮሰሰሩ ሙቀትና ኀይል በፈቀዱለት መጠን ከመደበኛው ፍጥነቱ በላይ እንዲሄድ የሚያደርግ ነው። በ2011 ዘዴው ሲሻሻል ሁለት የኀይል ወሰኖች ተደረጉለት፤ አንዱ ለአጭር ጊዜ የሚፈቀድ ከፍተኛ ወሰን፥ ሁለተኛው ለረጅም ሥራ የሚጸና ዝቅተኛ ወሰን ነው። ላፕቶፕ ሲከፈት ፈጥኖ፥ ሥራው ሲረዝም የሚዘገየው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ቍጥሮቹን የሚወስነው የፕሮሰሰሩ ሠሪ ብቻ አይደለም። ላፕቶፑን የሚያመርተው ኩባንያ ማራገቢያው የሚችለውን፥ ባትሪውና ቻርጀሩ የሚሰጡትን፥ እንዲሁም የላፕቶፑ አካል የሰውን ጭን እንዳያቃጥል አስቦ የራሱን ቍጥር በባዮስ ውስጥ ይጽፋል። ስለዚህ በስም አንድ የሆነ ፕሮሰሰር በሁለት ልዩ ልዩ ላፕቶፖች ውስጥ እኩል አይፈጥንም።

ለኛ ትልቁ ነገር ይህ ቍጥር ለየትኛው አየር እንደ ተጻፈ ማወቁ ነው። አፕልም ሆነ ሌኖቮ ለብዙ ላፕቶፖቻቸው በመግለጫው የሚጽፉት የአካባቢ ሙቀት ጣሪያ 35 ዲግሪ ነው። የኮኪት ቀትር ገና ከመነሻው ከዚህ በላይ ነው።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። ፕሮሰሰሩ 100 ዲግሪ ሲደርስ ራሱን የሚገታ ይሁን፤ አየሩ 35 ዲግሪ ሲሆን የማቀዝቀዣው ክፍል 25 ዋት ለማስወጣት ይችላል እንበል፤ አምራቹም ወሰኑን 25 ዋት ብሎ ጽፎታል እንበል። በፕሮሰሰሩና በአየሩ መካከል ያለው ልዩነት 65 ዲግሪ ነው። በኮኪት አየሩ 43 ሲደርስ ልዩነቱ 57 ይሆናል፤ ሊወጣ የሚችለውም ሙቀት በዚያው መጠን ወደ 22 ዋት ይወርዳል። በጎንደር አየሩ 25 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 75 ነውና፥ የደጋው አየር ስስ መሆኑ ጥቂት ቢቀንሰውም፥ እስከ 29 ዋት ሊወጣ ይችላል። እንግዲህ ጎንደር ላይ መሣሪያውን የሚያስረው አምራቹ የጻፈው ቍጥር ነው፤ ኮኪት ላይ የሚያስረው ግን ሙቀቱ ራሱ ነው። አንደኛው የሰው ውሳኔ፥ ሁለተኛው የተፈጥሮ ሕግ ነው። እነዚህን ሁለቱን ሳይለዩ «ኩባንያው አሠረብኝ» ማለት ትክክል አይሆንም።

4. ቍልፉ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው ከሆነ፥ ለኮኪት ሰው የኀይሉ ወሰን ተከፍቶ ወደ ላይ ቢወጣለት የሚጠቅመው ነገር የለም፤ ሙቀቱ ይከለክለዋልና። የሚጠቅመው ሌላ ነው፤ ይኸውም ቮልቴጅን መቀነስ ነው። ፕሮሰሰር ሲሠራ የሚፈጀው ኀይል በአብዛኛው ከቮልቴጁ ካሬ ጋር አብሮ ይወጣል፥ ይወርዳል። ስለዚህ ቮልቴጁ ከመቶ 6 ወይም 7 እጅ ቢቀነስ ኀይሉ ከመቶ 12 ወይም 13 እጅ ያህል ይቀንሳል፤ ይህም በምሳሌያችን ከ25 ወደ 22 ዋት የወረደበት መጠን ነው። ፍጥነቱ ሳይነካ ሙቀቱ ይወርዳል ማለት ነው። አምራቾች ፕሮሰሰሩ እንዳይሳሳት ከሚያስፈልገው ጥቂት ጨምረው ቮልቴጅ ስለሚሰጡ፥ ብዙ ሰዎች «ስሮትልስቶፕ» እንደ ተባለው ባለ ፕሮግራም ይህን ትርፍ እየቀነሱ ይጠቀሙ ነበር።

በታኅሣሥ ወር 2019 ግን ነገሩ ተለወጠ። የበርሚንግሃም፥ የግራትስና የሉቨን ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች «ፕላንደርቮልት» ብለው የሰየሙትን ግኝት አስታወቁ። ቮልቴጁን ከልክ በታች በማውረድ ፕሮሰሰሩ እንዲሳሳት አድርገው፥ ኢንቴል ምስጢር ለማስቀመጥ ካበጀው «ኤስ.ጂ.ኤክስ.» ከተባለው ክፍል ምስጢር ለማውጣት እንደሚቻል አሳዩ። ኢንቴልም የቮልቴጁን በር የሚዘጋ ማሻሻያ ለአምራቾች ሰጠ፤ አምራቾችም በባዮስ ማሻሻያ በብዙ ላፕቶፖች ላይ ቈለፉት። ይህን ጥቃት ለማድረስ አጥቂው አስቀድሞ የኮምፒዩተሩን ሙሉ ሥልጣን መያዝ ነበረበት። ኢንቴል ቆይቶ ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ ለግል ኮምፒዩተር በሚሠራቸው ፕሮሰሰሮች ኤስ.ጂ.ኤክስን አስቀረ። ይሁን እንጂ በብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ቍልፉ አልተነሣም። ዕቃው ከቤቱ ወጥቶ በሩ እንደ ተቈለፈ ቀረ።

ራምስቦተም የቈለፈው ነጂው እንፋሎቱን ወደ ላይ እንዳይገፋው ነበር። የ2019ኙ ቍልፍ ግን እሳቱን ለመቀነስ የሚፈልገውንም እጅ ጭምር ከለከለ። ጎጂ የሆነበትም ሰው በቀዝቃዛ ክፍል ከሚሠራው ይልቅ በቈላ የሚሠራው ነው።

ሌላው ነገር ነገሩ ለባለቤቱ አለመነገሩ ነው። አፕል የአሮጌ ባትሪ አይፎኖችን ፍጥነት የሚቀንስ መሆኑን ያመነው ሰዎች ለክተው ከደረሱበት በኋላ በታኅሣሥ 2017 ነው፤ በ2020 ክሱን ለመጨረስ እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በሐምሌ 2018 ደግሞ አዲሱ ማክቡክ ፕሮ በከባድ ሥራ ላይ ከልክ በላይ መዘግየቱ ሲጋለጥ፥ ኩባንያው በውስጥ ፕሮግራሙ አንድ ዲጂታል ቍልፍ መጕደሉን ገልጾ ማሻሻያ አወጣ። በሁለቱም ጊዜ እውነቱ የወጣው ለክተው በጠየቁ ሰዎች ነው።

ለአገራችን ገበያ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ግን ቻርጀር ነው። በብዙ የዴል ላፕቶፖች ቻርጀር መካከል ያለችው ቀጭን መርፌ የቻርጀሩን ማንነትና የዋቱን መጠን ለላፕቶፑ ትነግረዋለች። መርፌዋ ከተሰበረች ወይም ቻርጀሩ ካልታወቀ፥ ላፕቶፑ ፕሮሰሰሩን እጅግ ያዘገያል፤ ባትሪውንም ላይሞላ ይችላል። ሲነሣ የሚያሳየውን ማስጠንቀቂያ ሳያነብ የሚያልፍ ሰው ላፕቶፑ የተበላሸ ይመስለዋል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ሐሳብ ይህ ነው። የሙቀት ጥበቃ ተገቢ ነው፤ የሚነቀፍ አይደለም። የኀይል ወሰንም ምክንያት አለው፤ ግን ለሁሉ አገር የሚሆን አንድ ቍጥር የለም። ሊነቀፍ የሚገባው ወደ ላይ የሚወስደውንና ወደ ታች የሚወስደውን መንገድ ሳይለይ ሁለቱንም የሚዘጋው ቍልፍ ነው። ቮልቴጅ መቀነስ የሚያስከትለው አደጋ ካለ፥ አደጋው ተነግሮት ባለቤቱ ራሱ በባዮስ ውስጥ እንዲመርጥ ማድረግ ይቻላል፤ ይህን የሚፈቅዱ ላፕቶፖችም አሉ። ለመሥሪያ ቤትና ለትምህርት ቤት ላፕቶፕ የሚገዙ ሰዎችም ከዋጋውና ከሜሞሪው ጋር ይህንንና የተጻፈውን የአካባቢ ሙቀት ቢጠይቁ መልካም ነው፤ ለቈላ የሚላክ መሣሪያ በደጋ መጋዘን ታይቶ ብቻ ሊመረጥ አይገባምና።

እስከዚያው ድረስ ያልተቈለፈው ብዙ ነው። አስቀድሞ ቻርጀሩን ማየት፤ በማራገቢያው ውስጥ የተጠራቀመውን አቧራ ማስጠረግ፤ በፕሮሰሰሩና በብረቱ መካከል ያለው ፔስት ደርቆ እንደ ሆነ ማስቀየር፤ ላፕቶፑን ከአልጋና ከብርድ ልብስ አንሥቶ ታቹ አየር እንዲያገኝ ማድረግ። በዊንዶውስ የኀይል ማስተካከያ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ ልክ ከ100 ወደ 99 ማውረድም ብዙውን ጊዜ ተርቦ ቡስትን ስለሚያጠፋ፥ ፍጥነቱ ቢቀንስም ሙቀቱ ይበርዳል። ከባዱን ሥራ ደግሞ ወደ ንጋት ማዞር ነው፤ በሰሊጥ እርሻ የሚውል ሠራተኛ ቀትሩን በጥላ የሚያሳልፈው በስንፍና አይደለም። ፎርማት ማድረግ ከነዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው።

ለጓደኞቻችን የምናቀርበው አንድ ሐሳብ አለ። አንዱን ላፕቶፕ፥ አንዱን ሥራ ሰጥተን በጎንደርና በኮኪት፥ በቀትርና በሌሊት ብንለካው፥ የአየሩን ሙቀት፥ የፕሮሰሰሩን ሙቀት፥ ዋቱንና ሥራው የፈጀውን ጊዜ በሰንጠረዥ ብንጽፈው፥ ከዚህ በላይ በምሳሌ ያሰብነው በቍጥር ይታወቃል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ቴርሞሜትር፥ አንድ ላፕቶፕና የአንድ ቀን መንገድ ብቻ ነው።