ከሐዘን ቤት እስከ ማዘጋጃ ቤት፦ የስካንዲኔቪያ የወንጀል ድራማ ታሪክ

የዴንማርክ ብሔራዊ የቴሌቪዥን ጣቢያ ዲ አር በጥር 2007 ማሳየት የጀመረው «ፎርብሪደልሰን»፣ ትርጉሙም «ወንጀሉ» የሆነው ተከታታይ ድራማ፣ የአንዲት የ19 ዓመት ተማሪ ግድያን በ20 ክፍሎች ይተርካል፤ እያንዳንዱ ክፍል የምርመራውን አንድ ቀን ይይዛል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ግድያ በአንድ ምሽት ተፈጽሞ በዚያው ምሽት ሲፈታ ማየት ለለመደ ተመልካች ይህ ርዝመት እንግዳ ነበር። ድራማውን ይበልጥ የለየው ግን አደረጃጀቱ ነው። ታሪኩ በፖሊስ መምሪያው፣ በሟቿ ወላጆች ቤትና በኮፐንሃገን ማዘጋጃ ቤት ጎን ለጎን እየሄደ፣ በአንዱ ዘንድ የተነገረ ቃል በሌላው ዘንድ ጉዳት ሲያደርስ ያሳያል። ይህ አደረጃጀት በሰሜን አውሮፓ ከ40 ዓመት በላይ የዳበረ የአጻጻፍ ልማድ ፍሬ ሲሆን፣ የልማዱም መሠረት በአንድ ሰው ሬሳ ፊት ቆሞ መንግሥትንና ማኅበረሰብን መጠየቅ ነው።

የልማዱ ጀማሪዎች ስዊድናውያኑ ባልና ሚስት መሰል ጸሐፍት ማይ ሾቫልና ፔር ቫሉ ናቸው። ሁለቱም የማርክስን አስተሳሰብ የተከተሉ ሲሆኑ፣ ልጆቻቸው ከተኙ በኋላ ማታ ማታ ተቀምጠው አንዱ አንዱን ምዕራፍ፣ ሌላው ተከታዩን እየጻፉ ከ1965 እስከ 1975 ድረስ ዐሥር ልብ ወለዶች አሳተሙ። ዐሥሩም መጻሕፍት እያንዳንዳቸው 30 ምዕራፍ ያላቸው ሲሆኑ፣ ጸሐፊዎቹ ከመነሻው ያሰቡት እንደ አንድ ረጅም ሥራ ነበር። በመጀመሪያው መጽሐፍ «ሮዛና»፣ በዮታ ቦይ ላይ ደለል የሚጠርግ ማሽን የአንዲት ሴት ሬሳ ያወጣል፤ ፖሊሶቹም ማንነቷን ለማወቅ ብቻ ወራት ይፈጅባቸዋል። መርማሪው ማርቲን ቤክ ሆዱን የሚያመው፣ ትዳሩ የተቀዛቀዘ፣ በወረቀትና በስልክ ጥበቃ የሚደክም የመንግሥት ሠራተኛ እንጂ በአንድ እይታ ምስጢር የሚገልጥ ሊቅ አይደለም። ቀጥሎ የመጡት የስካንዲኔቪያ መርማሪዎች ሁሉ ከዚህ ሰው የወረሱት ነገር አላቸው።

ጸሐፊዎቹ ዒላማ ያደረጉት በስዊድንኛ «ፎልክሄም» ወይም «የሕዝብ ቤት» የሚባለውን ሐሳብ ነበር። ሐሳቡን የሶሻል ዴሞክራቶቹ መሪ ፔር አልቢን ሃንሶን በ1928 በንግግሩ ያስተዋወቀው ሲሆን፣ መንግሥት ሁሉንም ዜጋ እኩል የሚያቅፍ ጥሩ ቤት መሆን አለበት የሚል ነው። ፓርቲው ከ1932 እስከ 1976 ድረስ ከጥቂት ወራት በቀር ሥልጣን ላይ ቆይቶ ይህን ቤት በጡረታ፣ በሕክምናና በትምህርት ገነባው፤ ሾቫልና ቫሉ ደግሞ ከቤቱ ውጭ የቀሩትን ሰዎች ፈልገው ጻፉ። በመጨረሻው መጽሐፋቸው «ሽብርተኞቹ» አንዲት ብቸኛ እናት የሆነች ወጣት በየቢሮው ተንገላታ፣ ሰሚ አጥታ፣ በመጨረሻ የስዊድንን ጠቅላይ ሚኒስትር በጥይት ትገድላለች። መጽሐፉ የወጣው በ1975 ሲሆን ቫሉም በዚያው ዓመት ዐረፈ።

ዐሥራ አንድ ዓመት ቆይቶ፣ በየካቲት 28 ቀን 1986 ማታ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ኡሎፍ ፓልመ ከባለቤቱ ጋር ሲኒማ ገብቶ ያለ ጠባቂ በእግሩ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ በስቶክሆልም ስቬቫገን ጎዳና ላይ ከኋላው በተተኮሰ ጥይት ተገደለ። በ1989 አንድ ሰው ተፈርዶበት በዚያው ዓመት በይግባኝ ነጻ ወጣ፤ መሣሪያውም ተገኝቶ አያውቅም፤ ዐቃቤ ሕግም በ2020 መዝገቡን ዘጋ። መጽሐፉ ይህን ተንብዮአል ማለት ያለ ልክ ማጋነን ይሆናል፤ የልብ ወለዱ ገዳይ ማንነትና ምክንያት ግልጽ ሲሆን በእውነቱ ግድያ ግን ግልጽ የሆነው ነገር ጥቂት ነውና። ይሁን እንጂ ግድያው በስዊድን አንባቢ ላይ ያሳደረው ነገር አለ፤ ፖሊስ የአገሩን መሪ ገዳይ ለፍርድ ማብቃት ሳይችል ከ30 ዓመት በላይ መቆየቱ፣ ምርመራው የሚከሽፍበትን ልብ ወለድ እንደ ተራ የአገር እውነት እንዲነበብ አድርጎታል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሄኒንግ ማንኬል ነው። በ1991 በወጣው «ፊት የለሽ ገዳዮች» መርማሪው ኩርት ቫላንደር በደቡብ ስዊድን አንድ የገጠር ቤት ውስጥ የተገደሉ አረጋውያንን ጉዳይ ሲይዝ፣ ገዳዮቹ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው የሚል ወሬ ከፖሊስ አምልጦ በስደተኞች ላይ ጥቃት ያስነሣል። በዚያው ዓመት በስዊድን ስደተኞችን የሚቃወም አዲስ ፓርቲ ፓርላማ ገብቶ ነበር፤ አንድ ታጣቂም ከነሐሴ 1991 እስከ ጥር 1992 በስቶክሆልምና በኡፕሳላ አብዛኞቹ ከውጭ የመጡ የሆኑ 11 ሰዎችን ተኩሶ መትቶ አንዱን ገደለ። የቀኝ አክራሪዎችን እንቅስቃሴ የሚከታተለው «ኤክስፖ» መጽሔት ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረው ጋዜጠኛ ስቲግ ላርሶንም በዚህ መስመር የሚመደብ ነው። ላርሶን በ1977 ኤርትራ ሄዶ ለሻዕቢያ ሴት ተዋጊዎች የሞርታር አተኳኮስ ማሠልጠኑን በቅርብ የሚያውቁት ሰዎች ጽፈዋል፤ ሦስቱ ልብ ወለዶቹ የታተሙት ግን በ2004 ከሞተ በኋላ፣ ከ2005 እስከ 2007 ባለው ጊዜ ነበር።

ዴንማርክ በመጽሐፍ ረገድ ከስዊድን ዘግይታ ብትነሣም በቴሌቪዥን ቀድማለች። በ1992 የታተመው የፔተር ሆው «ስሚላ»፣ በኮፐንሃገን ከጣሪያ ወድቆ የሞተን የግሪንላንድ ልጅ መነሻ አድርጎ ዴንማርክ በግሪንላንድ ላይ የነበራትን የቅኝ ገዥነት ታሪክ ጠይቋል። ዲ አር ደግሞ በ1988 ቲቪ 2 የተባለ ተፎካካሪ ሲመጣበት ለብቻው ይዞት የነበረውን ተመልካች እንዳያጣ የድራማ አሠራሩን መለወጥ ነበረበት። ሠራተኞቹ በአሜሪካ ተከታታይ ድራማ እንዴት እንደሚጻፍ አይተው ተመለሱ፣ የአገሪቱ የፊልም ትምህርት ቤት ተመራቂዎችም ጣቢያውን ሞሉት። ጣቢያው ሁለት ደንቦች አጸና፦ አንደኛው የሥራው ራእይ የጸሐፊው ነው፣ ሌላው ሁሉ ያንን ያገለግላል የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ድርብ ታሪክ» የሚሉት ነው፤ ይህም ማለት ማንኛውም ድራማ ከላይ ከሚታየው ሴራ ሥር ስለ አገሪቱ ኑሮ የሚጠይቅ ሌላ ታሪክ ሊኖረው ይገባል ማለት ነው። ገንዘቡ ከየቤቱ በሚከፈል የቴሌቪዥን ፈቃድ ክፍያ ይሰበሰብ ስለነበር፣ ከፋዩ ሕዝብ ከመዝናኛ ያለፈ ነገር ይገባዋል የሚለው አስተሳሰብ ደንቡን አጸናው።

ጸሐፊው ሶረን ስቫይስትሩፕ «ወንጀሉ»ን የሠራው በዚህ ደንብ ውስጥ ነው። መርማሪዋ ሳራ ሉን፣ በሶፊ ግሮቦል የምትጫወተው፣ ሥራ ለቃ ከልጇና ከእጮኛዋ ጋር ወደ ስዊድን ልትሄድ በተሰናዳችበት ቀን ጉዳዩ ይገጥማታል፤ ከዚያ በኋላ ጉዞዋ በየቀኑ እየተላለፈ ይቀራል። ከኮፐንሃገን ዳር ከሚገኝ ቦይ የሚወጣው መኪና ለከንቲባነት የሚወዳደረው የትሮልስ ሃርትማን የምርጫ ዘመቻ መኪና ነው፤ በዕቃ መጫኛው ውስጥም የናና ቢርክ ላርሰን አስከሬን ይገኛል። አባቷ ታይስ የቤት ዕቃ የሚያጓጉዝ አነስተኛ ድርጅት ባለቤት ሲሆን፣ ልጁን እየፈለገ በቦታው ደርሶ ከሚስቱ ከፐርኒለ ጋር በስልክ እያወራ ሳለ መኪናው ከውኃው ይወጣል። እናቲቱ መርዶውን የሰማችው ከባሏ ጩኸት ነው፤ ቀስ ብሎ የሚያረዳት ሽማግሌም ጎረቤትም አልነበረም። ከዚህ በኋላ ድራማው ሐዘን ቤቱን ጥሎ አይሄድም። የሟቿ ታናናሽ ወንድሞች ምግብ ይፈልጋሉ፣ የባንክ ዕዳ ይመጣል፣ የተገደለችው ልጅ መኝታ ክፍል በፖሊስ ይታሸጋል፣ የቀብር ቀን መወሰን አለበት። በሌሎች የወንጀል ድራማዎች የሟች ወላጅ አንድ ጊዜ አልቅሶ ከታሪኩ ይወጣል። እዚህ ግን ተመልካቹ ለሃያ ሳምንት ለቅሶ ሲቀመጥ ይኖራል፤ የሥራው ትልቁ ክብርም ይህ ነው።

በምርመራው መጀመሪያ ከሚጠረጠሩት አንዱ ራማ የተባለ ከስደተኛ ቤተሰብ የመጣ አስተማሪ ሲሆን፣ ለወጣቶች አርአያ እንዲሆን ሃርትማን በዘመቻው ያስተዋወቀው ሰው ነው። ጥርጣሬው ሲወጣ የዕጩው አማካሪዎች ራማን እንዲያርቀው ይወተውቱታል፣ የሟቿ አባትም ከሠራተኛው ከቫን ጋር ሆኖ ንጹሑን መምህር ይደበድበዋል። ይህን ያየው የዴንማርክ ሕዝብ በመስከረም 2005 «ዩላንስ ፖስተን» ጋዜጣ ባሳተማቸው የነቢዩ መሐመድ ካርቱኖች ምክንያት የተነሣውን ቁጣ፣ በደማስቆና በቤሩት የተቃጠሉትን ኤምባሲዎች ገና አልረሳም ነበር። ከዚህም በላይ የድራማው ሁለተኛ አጋማሽ በ2007 መጸው በየእሑዱ ሲተላለፍ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር አናስ ፎግ ራስሙሰን ምርጫ ጠርቶ አገሪቱ በኅዳር 13 ድምፅ ሰጠች። ተመልካቹ በሳምንቱ ቀናት እውነተኛ ዕጩዎች ስለ ስደተኞች ሲከራከሩ ሰምቶ፣ እሑድ ማታ ደግሞ የፈጠራው ዕጩ በዚያው ጥያቄ ሲፈተን ያይ ነበር። ራስሙሰን አሸነፈ፤ ከምርጫው በኋላ በዚያው ኅዳር የድራማው ገዳይም ታወቀ፤ ገዳዩ ለቤተሰቡ እንደ ዘመድ የነበረው ያው ቫን ሆኖ ተገኘ፤ ቁጣውም ናና ከውጭ ከመጣ ቤተሰብ ከተወለደ ወጣት ጋር አብራ ልትሄድ በመወሰኗ የተነሣ ነበር።

ቢ ቢ ሲ አራት በ2011 ከነዴንማርክኛው በጽሑፍ ትርጉም ሲያሳየው እንግሊዛውያን ተከታተሉት፣ አሜሪካኖችም በዚያው ዓመት ታሪኩን ወደ ሲያትል ወስደው እንደገና ሠሩት። «ኖርዲክ ኖዋር» የሚለው ስያሜ፣ ጨለማ የሰፈነበትን የሰሜን አውሮፓ የወንጀል ታሪክ የሚያመለክተው፣ በስፋት የተለመደው በእነዚህ ዓመታት ነው። ዲ አርም በ2010 «ቦርገን» በሚለው ድራማው ለዴንማርክ በፈጠራ የመጀመሪያዋን ሴት ጠቅላይ ሚኒስትር ሰጣት፤ በሚቀጥለው ዓመት ሄለ ቶርኒንግ ሽሚት በምርጫ ያንን ሥልጣን ያዘች።

በ2009 የቀረበው ሁለተኛው የ«ወንጀሉ» ምዕራፍ፣ ናዚዎች የዴንማርክ አርበኞችን በረሸኑበት ሚንደሉንደን የመታሰቢያ ስፍራ አንዲት ጠበቃ ተገድላ ስትገኝ ይጀምርና፣ የዴንማርክ ወታደሮች በአፍጋኒስታን ፈጸሙት ወደተባለ የሰላማዊ ሰዎች ግድያ ያመራል፤ አገሪቱ በዚያ ጦርነት ከ40 በላይ ወታደሮች አጥታለች። በ2012 የተላለፈው ሦስተኛው ምዕራፍ ደግሞ በፋይናንስ ቀውሱ ዘመን አንድን ግዙፍ ኩባንያና በምርጫ ላይ ያለን ጠቅላይ ሚኒስትር ይዞ፣ ሉን ገዳይ መሆኑን ያወቀችውን፣ በማስረጃ ግን ልታስይዘው ያልቻለችውን ሰው ራሷ በሽጉጥ ገድላ ከአገር ስትሸሽ ያበቃል። ይህ ፍጻሜ ፍትሕን ለሚያከብር ተመልካች ለመቀበል ከባድ ነው፣ ለብቻው ሲታይም የበቀልን መንገድ ያጸደቀ ይመስላል። ከ1975ቱ «ሽብርተኞቹ» ጎን ሲነበብ ግን ምን ያህል ርቆ እንደሄደ ይታያል፤ በሾቫልና ቫሉ መጽሐፍ የተኮሰችው በየቢሮው በር የተመለሰች ድሃ እናት ነበረች፤ ከ37 ዓመት በኋላ በስቫይስትሩፕ ድራማ የምትተኩሰው ግን የዚያው መንግሥት የፖሊስ መርማሪ ናት።