ስለ ሸክላ ሕንጻዎች ጥገናና ስለ ቅባቸው ቀለም

አሮጌ ሕንጻ ለመጠገን የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው የወደቀውን ስለ ማንሣት ነው። ነገር ግን የተነሣውን ከቀረው ጋር ማስማማት ከዚያ ይልቅ ያስቸግራል። ይህም ይልቁን የሚታየው ቴራ ኮታ በሚባለው፣ በእቶን ተተኵሶ እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ ቅብ በለበሰው ሸክላ በተሠሩት ሕንጻዎች ነው።

ለዚህም ምሳሌ የሚሆነን በአሜሪካ አገር፣ በሺካጎ ከተማ፣ በወንዙ ዳር የቆመው የሪግሊ ሕንጻ ነው። የደቡቡ ክፍል በ1921፣ የሰሜኑም በ1924 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ተፈጸመ። ከሩቅ ለሚያየው ሁሉ አንድ ነጭ ይመስለዋል፤ ነጩ ግን ስድስት ዓይነት ነው። ከታች ደብዘዝ ያለ ክሬም መሳይ ሲሆን፣ ወደ ላይ በወጣ ቍጥር እየነጣ ሄዶ ከጫፉ ሰማያዊነት ያለው ብሩህ ነጭ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ሸክላ ቢሰበር «ነጭ አምጡ» ማለት አይበቃም፤ የስንተኛው ፎቅ ነጭ እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቀለሙንም ማግኘት እንደ ግድግዳ ቀለም በመበጥበጥ ብቻ አይሆንም። ቅቡ ሳይተኰስ ያለው መልክና ከእሳት ከወጣ በኋላ ያለው መልክ ይለያያል። ኮባልት ሰማያዊ፣ መዳብ አረንጓዴ፣ ብረት ቡናማ ያወጣል፤ ነገር ግን መጠኑ ጥቂት ቢያልፍ ወይም የእቶኑ ግለት ቢለወጥ መልኩም ይለወጣል። ሸክላውም ሲደርቅና ሲተኰስ ከመቶ 8 ያህል ስለሚያጥር፣ ቅርጹ በዚያው ልክ ተልቆ ይሠራል።

ስለዚህ ብልህ ጠጋኝ አስቀድሞ አሮጌውን ሸክላ ያጥባል፤ ጥቀርሻውን አይቶ ያመሳሰለ ሰው ሕንጻው በታጠበ ቀን ሥራው ይጋለጥበታልና። ቀጥሎም ብዙ ናሙና አስተኵሶ፣ ወደ ሕንጻው ወስዶ ከአሮጌው አጠገብ በቀን ብርሃን ያያል፤ በመብራት የተስማማው በፀሐይ ሊለያይ ይችላልና። የቀድሞዎቹም ሸክላዎች እርስ በርሳቸው ጥቂት ስለሚለያዩ፣ አዲሶቹን ሁሉ በአንድ መልክ ብቻ መሥራት እንደ መጣፊያ ያስታውቃል።

በኒው ዮርክ በ1913 የተፈጸመው፣ ካስ ጊልበርት የነደፈው የወልወርዝ ሕንጻ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ከ1977 እስከ 1981 በተደረገው ጥገና 26,000 ያህል የተጐዱ ሸክላዎች በኮንክሪት ተተኩ። የኮንክሪቱ ቀለም ግን ከላዩ የተቀባ እንጂ በእሳት ከአካሉ ጋር የተዋሐደ አይደለምና፣ ከሸክላው ጋር እኩል አያረጅም።

ከሁሉ የሚከፋው የተሰነጠቀውን ቅብ በቀለም ሸፍኖ ማለፍ ነው። ውሃው ከኋላ ይቀራል፤ ሸክላውን የያዘው ብረት ይዝጋል፤ ዝገቱም አብጦ ሸክላውን ይፈነቅለዋል፤ የተፈነቀለውም ሰው በሚመላለስበት መንገድ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በደንብ የሠራ ጠጋኝ የቅቡን ድብልቅና የእቶኑን ግለት ጽፎ፣ ናሙናውንም አክሎ ለኋለኛው ጠጋኝ ሊያኖርለት ይገባል።