የኮቪድ-19 ወረርሽኝና የሕግ ከለላ በወለጋ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲገኝ፣ በምዕራብ፣ በቄለምና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክም ኢንተርኔትም ከተቋረጠ ሁለት ወር አልፎት ነበር፤ ነቀምቴ በምትገኝበት ምሥራቅ ወለጋም ኢንተርኔት መዘጋቱን ነዋሪዎች ይናገሩ ነበር። የእጅ መታጠብ ማሳሰቢያ በስልክ ጥሪ ድምፅ ሳይቀር በሚተላለፍበት ሰሞን ይህ ቀላል ጉድለት አልነበረም። አገልግሎቱ የተመለሰው መጋቢት 22 ነው።

የሕግ ከለላው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፦ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ወለጋን ጨምሮ በመላ አገሪቱ መጋቢት 30 ያወጀውን የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሚያዝያ 2 አጸደቀው። በማስፈጸሚያ ደንቡ ተከራይን ማስወጣት፣ ኪራይ መጨመርና ሠራተኛ ማሰናበት ተከለከለ። ለከተማ ድሃ ከሁሉም የጠቀመው ይኸው ክልከላ ሳይሆን አይቀርም፤ ቀጣሪ ለሌላቸው ለቀን ሠራተኞችና ለጉልት ቸርቻሪዎች ግን የገቢ ዋስትና አልሰጠም።