የጀማሪዎች ሪንግ

የጀማሪዎች የቦክስ ውድድር ጥቂት ግጥሚያ ብቻ ላደረጉ፣ ወይም ጭራሽ ሪንግ ላይ ወጥተው ለማያውቁ ልጆች የሚዘጋጅ ነው። የአዘጋጁ ትልቁ ጭንቀት ልምድ ያለውን ከሌለው ጋር እንዳያጋጥም ነው። ተወዳዳሪዎቹ ጠዋት ይመዘናሉ፤ ሐኪም ያያቸዋል፤ እጃቸውን በፋሻ አስጠቅልለው ጓንት ያጠልቃሉ፤ አንዱ በቀይ፣ ሌላው በሰማያዊ ጥግ ይቆማል። ግጥሚያው ሦስት ዙር ሲሆን ለጀማሪ ዙሩ ብዙውን ጊዜ ከሦስት ደቂቃ ያንሳል። ቡጢ ያናጋውን ልጅ ዳኛው እስከ ስምንት ይቆጥርለትና ዓይን ዓይኑን አይቶ እንዲቀጥል ይፈቅድለታል፣ ወይም ያስቆመዋል። ጨዋታው ለዓይን የሚማርክ አይደለም። ትከሻ ይወጠራል፣ ትንፋሽ በሁለተኛው ዙር ያጥራል፣ ለወራት የተጠናው ቀጥተኛ የግራ ቡጢ ተረስቶ ክንድ እንደመጣለት ይወረወራል። አሰልጣኙ ግን ልጁን በደንብ የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው።

ቦክስ የዛሬውን መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1867 (ከዚህ በታችም «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) በእንግሊዝ አገር በወጣው የኩዊንስበሪ ሕግ ነው። ጓንት ግዴታ የሆነው፣ ዙሩም ሦስት ደቂቃ እንዲሆን የተወሰነው በዚህ ሕግ ነበር። በ1880 የእንግሊዝ አማተር ቦክስ ማኅበር ተቋቋመ፤ በዓመቱም የመጀመሪያውን ሻምፒዮና አካሄደ። አማተር ማለት ለገንዘብ የማይጋጠም ማለት ነው፤ ይህ መስመር በሕግ የተሰመረውን ያህል በኑሮ ውስጥ ጠርቶ እንደማያውቅ ግን ከዚህ በታች ይታያል። አሜሪካኖች ነገሩን ወደ ጋዜጣ ገበያ ወሰዱት። በ1923 የቺካጎ ትሪቢዩን ጋዜጣ «ወርቃማው ጓንት» የተባለውን የአማተሮች ውድድር አዘጋጀ። በ1927 የኒውዮርኩ ዴይሊ ኒውስ ተከተለ፤ ሌሎች ከተሞችም ቀጠሉ። ውድድሩ በብዙ ቦታ ለሁለት ይከፈል ነበር፤ አንዱ የጀማሪዎች፣ ሌላው ለሁሉም ክፍት የሆነ ምድብ። አንድ የሰፈር ክለብ ልጆቹን ይዞ የሚቀርበው መጀመሪያ በጀማሪዎቹ ምድብ ነበር።

ከእነዚህ የሰፈር ክለቦች መካከል ታሪኩ በደንብ የሚታወቀው የዲትሮይቱ ብሩስተር መዝናኛ ማዕከል ነው። በጥቁሮች ሰፈር የተሠራ የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ነበር። በ1926 ከአላባማ ገጠር ወደ ዲትሮይት የመጣ የአንድ ቤተሰብ ልጅ፣ እናቱ ለቫዮሊን ትምህርት የምትሰጠውን ገንዘብ እዚያ ለልብስ ማስቀመጫ ሣጥን ኪራይ አዋለው። ልጁ ጆ ሉዊስ ነው። በ1932 የመጀመሪያ ግጥሚያው በዚያው ዓመት ለኦሊምፒክ ከተመረጠው ከጆኒ ማይለር ጋር ሆነና ሰባት ጊዜ ወደቀ። የተሰጠው ሰባት ዶላር የሚያወጣ የዕቃ መግዣ ወረቀት ነበር። ለአማተር ጥሬ ገንዘብ መክፈል ክልክል ስለነበር ከተማው ያገኘው መላ ይህ ነው፤ ልጁ ወረቀቱን ይዞ ሱቅ ይሄዳል፣ ቤቱም እህል ይገባል። ኢኮኖሚው በተንኮታኮተበት በዚያን ዘመን ብዙ ወላጆች ልጃቸው ቦክሰኛ እንዲሆን የፈቀዱት ለዚሁ እህል ብለው ይመስላል።

ሉዊስ ከዚያ ሽንፈት በኋላ ለወራት ከሪንግ ርቆ ፋብሪካ ውስጥ ሠራ። የመጀመሪያውን ግጥሚያ ያቀናጁት ሰዎች ጀማሪን ከኦሊምፒክ ተወዳዳሪ ጋር ማገናኘታቸው በዛሬ መለኪያ ትልቅ ጥፋት ነው፤ የጀማሪዎች ምድብ የተፈጠረውም ይህን ለመከላከል ነበር። ሲመለስ መንገዱን በሥርዓት ያዘ። በ1933 በዲትሮይት ወርቃማ ጓንት የጀማሪዎች ምድብ በቀላል ከባድ ሚዛን አሸነፈ። በ1934 ክፍቱን ምድብ፣ ቀጥሎ የቺካጎውን ውድድር፣ በሚያዝያም የአሜሪካ አማተሮች ሻምፒዮንነትን ወሰደ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ለገንዘብ መጋጠም ጀመረ። ከጀማሪዎች ሪንግ እስከ አገር ሻምፒዮንነት የወሰደበት ጊዜ ሁለት ዓመት አይሞላም።

የኢትዮጵያ ስም ከዚህ ልጅ ጋር የተነሳው ሰኔ 18 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። የሃያ አንድ ዓመቱ ሉዊስ በኒውዮርክ ያንኪ ስታዲየም ከጣሊያናዊው ፕሪሞ ካርኔራ ጋር ተጋጠመ። ካርኔራ የቀድሞ የዓለም ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ነበር፤ ቁመቱ ወደ ሁለት ሜትር፣ ክብደቱም 118 ኪሎ ያህል ሲሆን ሉዊስ ከ90 ኪሎ አይበልጥም። የሙሶሊኒ መንግሥት ካርኔራን የፋሺዝም ጉልበት ማሳያ አድርጎት ቆይቷል። የጣሊያን ጦር በኤርትራና በሶማሊያ እየተከማቸ ነበርና የኒውዮርኩ የሃርለም ሰፈር ጥቁሮች ግጥሚያውን የኢትዮጵያና የጣሊያን ጉዳይ አድርገው ያዙት። ከ60 ሺህ በላይ ተመልካች ገባ፤ ረብሻ ይነሳል ተብሎ ከአንድ ሺህ በላይ ፖሊስ ተሰማራ። በስድስተኛው ዙር ካርኔራ ሦስት ጊዜ ወደቀና ዳኛው አስቆመው፤ ሃርለም ሌሊቱን በደስታ አደረች። ሦስት ወር ካለፈ በኋላ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ጣሊያን የመረብን ወንዝ ተሻግሮ ኢትዮጵያን ወረረ። የሉዊስ ቡጢ ጦርነቱን አላዘገየም። ሆኖም በአሜሪካ ጥቁሮች መካከል ለኢትዮጵያ የነበረውን ስሜት በዚያን ሌሊት መጠን ያሳየ ነገር ጥቂት ነው።

በኢትዮጵያ ራሷ አማተር ቦክስ የያዘው መንገድ ከዲትሮይት የተለየ ነው። አገሪቱ በ1956 ሜልቦርን ላይ ኦሊምፒክ ስትጀምር የላከችው ሯጮችንና ብስክሌተኞችን ነበር፤ ቦክሰኞች ኋላ ተጨመሩ፣ በ1972 ሙኒክና በ1980 ሞስኮም ተጋጥመዋል። እስከ 2024 የፓሪስ ጨዋታ ድረስ የኢትዮጵያ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ በሙሉ የመጣው ግን ከአትሌቲክስ ነው። አንዱ ምክንያት ፖለቲካ ነው፤ ኢትዮጵያ በ1976፣ በ1984 እና በ1988 ከኦሊምፒክ ቀርታለች፤ ከሞስኮ እስከ ባርሴሎና ያሉት 12 ዓመታት ደግሞ የአንድ ቦክሰኛ ምርጥ ዘመን በሙሉ ማለት ናቸው። ከባዱ ምክንያት ግን ስፖርቱ ራሱ ነው። ሯጭ መንገድ ካገኘ ብቻውንም ይሮጣል፤ ቦክሰኛ በክብደትም በልምድም የሚመጥነው ሰው ሳያገኝ አያድግም። ተመጣጣኝ ተጋጣሚዎችን የማሰባሰብ አቅም ይዘው የኖሩት በአብዛኛው ከመከላከያ፣ ከፖሊስና ከማረሚያ ቤቶች ጋር የተያያዙ ክለቦች ናቸው፤ ጓንቱም፣ ሐኪሙም፣ የሠልጣኙ ምግብም እዚያ አለ። ደንብ ልብስ የማይለብስ ልጅ በሩን እንዴት ያገኘዋል የሚለው ጥያቄ ከዚህ ይነሳል።

በዚህ መሃል የአማተር ቦክስ ሕግ ደጋግሞ ተቀየረ። የራስ መከላከያ በ1984 በኦሊምፒክ ግዴታ ሆነ፤ ለወንዶች በ2016 ቀረ። በ1988 ሶል ላይ አሜሪካዊው ሮይ ጆንስ በግልጽ በልጦ ሳለ በዳኞች ድምፅ መሸነፉ ዓለምን ስላስቆጣ፣ ከ1992 ጀምሮ በኦሊምፒክ ዳኞች ነጥብ በኮምፒውተር ቁልፍ መስጠት ጀመሩ፤ በ2013 ደግሞ ዙሩን ላሸነፈ 10 ነጥብ ወደሚሰጠው አቆጣጠር ተመለሱ። ሴቶች በ2012 ለንደን ላይ ገቡ። በ2023 ዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ የዓለም አቀፉን የቦክስ ማኅበር ዕውቅና ነሣ፤ በ2025 ግን ስፖርቱ በ2028 የሎስ አንጀለስ ጨዋታ እንዲቀጥል ተወሰነ።

ደንብ ልብስ የማይለብሰው ልጅ ጥያቄ በደቡብ ኢትዮጵያዋ አርባ ምንጭ ምን እንደሚመስል እንመልከት። ከተማዋ ደጋ ላይ ያለችውን የጨንቻን ቦታ ወስዳ የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማ የሆነችው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው። ሲቀላና ሼቻ የተባሉት የከተማዋ ክፍሎች እየሰፉ ሄዱ፤ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ1979 ዓ.ም. ተከፈተ፣ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም ተተከለ። የክለብ ስፖርት በከተማዋ ስም ያወጣው በእግር ኳስ ነው። የፋብሪካው ቡድን በአገሪቱ ሊግ ይጠራ ነበር፤ ዛሬ የሚታወቀው «አዞዎቹ» የሚባለው አርባ ምንጭ ከተማ ነው። እግር ኳስ ቀድሞ መግባቱ አያስገርምም፤ አንድ ኳስ ሃያ ሁለት ልጅ ያጫውታል።

ቡጢን በተመለከተ የአካባቢው የጋሞ ሕዝብ ባህል የራሱ ዳኛ አለው። ጠብ ሲነሳ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መሃል ይገባሉ፤ ሣሩን አልፎ መምታት ነውር ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የደረሰውን ግድያ ሰምተው ለበቀል የወጡ የአርባ ምንጭ ወጣቶችን ሽማግሌዎቹ ተንበርክከው የመለሱት በዚሁ ሣር ነው። በሪንግ ላይ «አቁም» የሚለው የዳኛ ቃል የሚሠራውም በተመሳሳይ ስምምነት ነው፤ ቡጢ የሰነዘረው ልጅ ቃሉን ሰምቶ እጁን ካልሰበሰበ ግጥሚያው ድብድብ ይሆናል።

በዚህ አካባቢ የጀማሪዎች ውድድር ለማካሄድ ከሪንጉ ይልቅ የሚያስቸግረው ቁጥር ነው። አሥር ልጆች ያሉት ክለብ እነሱን በክብደትና በልምድ ሲለያያቸው አንዳንዱ ምድብ ላይ አንድ ልጅ ብቻ ይቀርለታል። ዲትሮይት ተጋጣሚውን በዚያው ከተማ ካሉ ሌሎች ክለቦች ታገኝ ነበር፤ ከአርባ ምንጭ የሚነሳ አሰልጣኝ ግን ልጆቹን ይዞ ወደ ሶዶ፣ ወደ ሳውላ፣ ወደ ጂንካ ወይም ወደ ሀዋሳ መጓዝ፣ ወይም እነዚያን መጋበዝ አለበት። የትራንስፖርቱና የማደሪያው ሂሳብ ከጓንቱ ዋጋ በፊት ይመጣል።