የሙጊስ እንባና የበሪራ ምርጫ

ትዳር ሲፈርስ ብዙ ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ንብረት፣ ስለ ልጆችና ስለ ቀለብ ነው። ስለ ቆሰለው ልብ ግን ዝም እንላለን። ባል ካለቀሰ «ወንድ ልጅ ለሴት ያለቅሳል ወይ?» ይባላል፤ ሚስት አልመለስም ካለች ደግሞ «ልበ ደንዳና» ትባላለች። በረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን በመዲና የሆነው ታሪክ ግን ከዚህ የተለየ ነው።

በሪራ ባሪያ ነበረች። ነፃነቷን ለመግዛት በየዓመቱ አንድ ኡቂያ ብር እየከፈለች በ9 ዓመት ልትጨርስ ከጌቶቿ ጋር ተዋውላ ነበር። እርዳታ ፍለጋ ወደ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ሄደች፤ ዓኢሻም ገዝተው ነፃ አወጧት። ባሏ ሙጊስ ግን ያኔም ባሪያ ነበር። እንዲህ ሲሆን ነፃ የወጣችው ሴት በትዳሩ የመቆየት ወይም የመለየት ምርጫ ይሰጣታል። በሪራ መለየትን መረጠች።

ሙጊስ ይህን መቻል አቃተው። በ256 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 870) የሞቱት ኢማም አል-ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) እንደሚነግሩን፣ ሙጊስ በመዲና መንገዶች ከኋላዋ እየተከተለ ያለቅስ፣ እንባውም በጢሙ ላይ ይወርድ ነበር። ኢብኑ ዐባስ ያኔ ገና ልጅ ነበሩ፤ ካደጉ በኋላም ሁኔታውን ልክ አሁን እንደሚያዩት አድርገው ያወሩት ነበር።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በሙጊስ እንባ አልተቆጡም፣ አላሳፈሩትምም። የእሱ ፍቅርና የእሷ ጥላቻ እንዴት እንደሚያስደንቅ ለአጎታቸው ለዐባስ ነገሯቸው። ከዚያም በሪራን ብትመለስለት ብለው ጠየቋት። እሷም ትእዛዝ እንደሆነ ጠየቀች። የሚያማልዱ እንጂ የሚያዙ አለመሆናቸውን ገለጹላት። ይህን ጊዜ ሙጊስን እንደማትፈልገው ተናገረች፤ ነገሩም በዚሁ አበቃ።

ልብ በሉ! ዐባስ በመዲና የኖሩት መካ በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 630) ከተከፈተች በኋላ ነው። ስለዚህ ይህ የሆነው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ቃላቸው በዐረቢያ ምድር በሚከበርበት ወቅት ነው። ያም ሆኖ ትናንት ባሪያ የነበረችን ሴት ያለ ፍላጎቷ አላስገደዷትም።

ከዚህ የምንማረው ሐዘን ኃጢአት አለመሆኑን ነው። ሐዘን ግን በሌላው ሰው ላይ መብት አይሰጥም። የተፈታ ወንድማችን ቢያለቅስ አጠገቡ እንቀመጥ፤ እንባውን ግን እህታችንን ማስገደጃ አናድርገው። ሽማግሌ ሆነን ስንገባም አማላጅ እንሁን እንጂ አዛዥ አንሁን።

ለጦላቅም ቢሆን አላህ ጊዜን አብጅቷል። የወር አበባ የምታይ ሴት ዒዳዋ 3 የወር አበባ ነው። በሱረቱ አጥ-ጦላቅም ባል በዒዳ ላይ ያለችን ሚስቱን ከቤት እንዳያስወጣ ተከልክሏል። በነዚያ ወራት ቁጣ ይበርዳል፣ ሐሳብ ይሰክናል። መታረቅ ካለ በመልካም፣ መለያየት ካለም በመልካም ይሆናል። በንዴት ልጆች ፊት የተነገረ ክፉ ቃል ግን ከዒዳውም በኋላ አይረሳም።

አላህ የተሰበሩ ልቦችን ይጠግን፣ ለተለያዩትም ሰብርና መልካም ምትክ ይስጣቸው። አሚን።